ግመል የበላ ግራማፎን

እህቴ ፋዲላ ኒካህ ስታስር ለመህር የተሰጣት አንዲት ወተታም ግመል ነበረች። መህር ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ጥሎሽ፣ የሴቷ ሀቅ ነው፤ ባል ያለ ፈቃዷ አይነካውም። ባሏ ሙሄ ግን ጠየቃት። ጠይቆ ሸጠና ደብረ ሲና ካለ አረብ ነጋዴ ግራማፎን ገዝቶ መጣ። ግመል ሰጥቶ ሳጥን! ወይ ጉድ!

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? መህርሽ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ደስ ካለው ምናለበት፣ እታለም? ይሁን ብዬ አፉ ብዬዋለሁ» አለችና ሳቀች።

መሳቋ ነው ያናደደኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እንደነሱ የሚዋደድ ባልና ሚስት በይፋት ቆላ አላየሁም። እሱ ከማሳው ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ መዘውሩን ይጠመዝዛል፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ከአረብኛው ዘፈን አንድ ቃል አያውቁም። ሳጥኑ ግን ጠግቦ አያውቅም፤ ዛሬ መርፌው ዶለዶመ፣ ነገ ሸክላው ተሰነጠቀ። ፍየሎቹ ተራ በተራ ሮቢት ገበያ ወረዱ። ልብሷ አልቆ የኔን ነጠላ ስትለብስ እሱ ልብም አላለ።

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ ወባ ጣላት። የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ሐኪም ያለው ደብረ ሲና ነው፤ ያን ዳገት በዚያ አቅሟ በቅሎ ላይ አትችለውም። ሙሄ መንገድ ዳር ቆሞ ካሚዮን ሲለምን አንዱ የጣልያን ሾፌር ቆመለት። ከዚህ በፊት ሲያልፍ ግራማፎኑን ሰምቶ ኖሯል። በአስተርጓሚ «ሳጥኑን ከሰጠኸኝ ነገ ጠዋት ከጀውሃ ስመለስ ሚስትህን እወስድልሃለሁ» አለው። ሙሄ እሺ አለ። እያለቀሰም ቢሆን እሺ ብሏል፤ በሐሰት አላማውም።

የወባን ተንኮል ታውቃላችሁ፤ አንድ ቀን ይጥላል፣ አንድ ቀን ለቀቅ ያደርጋል። በማግስቱ ፋዲላ ተነሳች። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ስትወጣ ሙሄ ግራማፎኑን በጨርቅ ይጠቀልላል።

«ተወው፣ ድኛለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ይልቅ አንድ ጊዜ አጫውተው» አለችው።

ፊቱ በራ! እንደ ልጅ ነው የሆነው። ካሚዮኑ መጥቶ ጡሩንባውን ሲነፋ ሙሄ ወጣና በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አለው።

እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ክንዴን ጨብጣለች፤ መዳፏ ያቃጥላል። «እንዳትነግሪው፤ በሞቴ!» አለችኝ በሹክሹክታ። ሰፈሩን ሁሉ የምትነድፍ ምላሴ ያን ቀን ተሳሰረች።

በሦስተኛው ቀን ወባው ተመለሰ። ከዐስር ሶላት በኋላ ከነፅንሷ ቀበርናት።

ሙሄ ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን አልከፈተም። ሌላ ሚስትም አላገባም። በገበያ ቀን ይመጣና ደጄ ላይ ይቀመጣል፤ ሁልጊዜም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«እትዬ ሐጂራ፣ ለአላህ ብለው እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ደህና ነበረች አይደል?»

«ደህና ነበረች» እለዋለሁ።

ለሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። እውነቱን ብነግረው፣ «ታዲያ እርስዎ እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» ይለኛላ! ምን ብዬ ልመልስለት?