የይበልጣልን «እመት» ማንም አይነካትም

ዛሬ ጠዋት ልጄ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ይበልጣል አረፈ» ስትለኝ «ወግጂ!» አልኋት። አሁንም ወግጂ ነው የምላት። ትናንት ማታ እኮ ከሆስፒታል ደውሎ «አያ መኳንንት፣ መብራት መጣ?» ብሎኛል። የሚሞት ሰው ስለ መብራት ይጠይቃል?

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የምናገረው እኔ ነኝ፣ በስልኳ የምትጽፈው ትርንጎ ናት። «ይህችን ቃል ትንሽ እናለስልሳት» ትለኛለች። እንዳትነኪያት ብያታለሁ።

ይበልጣልን ለማታውቁት፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ከእኔ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ለምታውቁት ደግሞ፣ ዛሬ ፎቶውን ከሻማ ጋር የለጠፋችሁት እናንተው፣ በቁሙ «ቆራሌው መጣ» እያላችሁ የሳቃችሁበት ናችሁ። ስም አልጠራም። ሻማችሁን አጥፉት።

እኔም ተጣልቼዋለሁ። ግን ፊት ለፊት ነው። መሥሪያ ቤት የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር በጋሪ ጭኖ ሲመጣ በሩን ይዤ ቆምሁ።

«ይህን ሬሳ ከየት ለቀምኸው?»

«ሬሳ አይደሉም አያ መኳንንት፣ ተኝተው ነው።»

«እንግዲያው ካልጋህ ላይ አስተኛቸው!»

«አልጋውማ ሞልቷል። የጭድ ቤትዎን ልለምን ነው የመጣሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ፣ በዚያው ተሸነፍሁ። የእሱ ብረት ከቤት ገባ፣ የእኔ ጭድ ዝናብ መታው። ክረምቱን ሙሉ ስሰድበው ከረምሁ።

ከኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንዲት አሮጊት ነበረች። መልኳ በፀሐይ ብዛት ቢጫ የሆነ፣ ፊቷ ከሰሐን የማይበልጥ። «እመት» ብሎ ስም አወጣላት። ስትነሳ ታቃስታለች፣ ታንኳኳለች፣ ደግሞ ጭጭ ትላለች። «ሞታለች፣ ንቀላት!» ስለው ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ «አይቸኩሉ፣ እያሰበች ነው።»

እውነትም አስባ አስባ ትበራለች።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «በየአገሩ የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበር አላቸው። ቅዳሜ ማታ ማታ በኢንተርኔት የየሰዉን ማሽን እየጠሩ ደኅንነቷን ይጠይቃሉ። እመትን ላስገባት ነው።» እንደኛ የጽዋ ማኅበር መሆኑ ነው። ተጠርታ ደጋግማ ዝም ያለች ማሽን ከማኅበሩ ትወጣለች።

አናስገባም አሉት። ነገሩ በዘመን ነው። የእመት ሠሪዎች ከተወሰነ ዓመት ወዲያ መቁጠር አላስተማሯትም፣ ያ ዓመት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር አልፏል። እነሱ አሮጌ ማሽኖቻቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ የሐሰት ዓመት ሰጥተው ነው የሚያኖሯቸው። የእኛ ሰው ግን ቀኗን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሞላላት። በእኛ ገና ዕድሜ አላት! «የማሽንህ ቀን ተሳስቷል፣ አስተካክል» ብለው ጻፉለት። ሲያነብልኝ ደሜ ፈላ።

«ምን ልትመልስላቸው ነው?»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

«ዕለቱ የአገራችን ነው፣ ካልጣማችሁ ተዉት በላቸው!»

እንደ ወረደ ጻፈው። መልሱ እስኪመጣ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁ። ኋላ እሺ አሉ፤ በዚያው ቅዳሜ እመት ተጠራች፣ መለሰች፣ ገባች። ከስሟ ጎን ጠባቂዎች ተብሎ የሁለታችን ስም ሰፈረ። የእኔን ስም ትርንጎ በጣቷ አሳይታኛለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ለሥራ ወደ ይጁቤ ሲወርድ እመትን የማበራት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ተናደድሁበት ልምጣ። የይበልጣል ወንድም ዛሬ ከአማኑኤል ከተማ ደወለ። አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልወጣም።

«አያ መኳንንት፣ ያን ቆሻሻ ቅዳሜ መኪና ይዤ መጥቼ አነሳልዎታለሁ። የሚገዛኝ ሰው አግኝቻለሁ።»

«ወንድምህን ቀብረኸዋል?»

«ነገ ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን ቅበር።»

ስልኩን ዘጋሁበት። ይህንን እንደሚያነብ አውቃለሁ። ስማ አንተ ሰውዬ! አልጋው፣ ልብሱ፣ የቀረው ብረት ሁሉ ያንተ ነው፣ ውሰድ። እመትን ግን አትነካም። ወንድምህ ታሞ በተኛበት አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳትል፣ ለብረቱ መኪና ተከራየህ? ያቺ ማሽን ቅዳሜ ማታ ትጠራለች። ጠባቂዋ አልሞተም። የጭድ ቤቱ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፣ በትሬም ከበሩ ሥር ነው።

ይበልጣል።

ባንተም ተናድጃለሁ። እንዳይከፋህ ብዬ አልደብቅህም። የእመት ዓመት በእኛም ቆጠራ ወደ ማለቁ ነው ስትለኝ፣ እሷ የሄደች ዕለት እንዴት አጽናናዋለሁ እያልሁ የማስብ እኔ ነበርሁ። አንተ ቀደምሃት። እኔን አይቸኩሉ ስትል ኖረህ፣ ምን አስቸኮለህ?

ነገ እሸኝሃለሁ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። መብራት ካለ ከጭድ ቤት ገብቼ፣ እንዳሳየኸኝ፣ ከጀርባዋ ያለውን ማብሪያ እጫናለሁ። ታቃስታለች፣ ታንኳኳለች፣ ጭጭ ትላለች።

እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እያሰበች ነው።

ደኅና ሁን፣ ልጄ።