የአማቴ አረፋ

እኔ ያገባሁት ሳሙና ከገበያ በጠፋበት ጊዜ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ባሌ ደግሞ ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ ሁለት ክፍል ቤት ከቀበሌ ተከራይተን ገባን።

ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ትልቁ ኩራት የቤት አያያዝ ነበር። አባቴ ፋብሪካ ስለሚሠራ ሳሙና ከቤታችን አይጠፋም፤ ስለዚህ ቤት በሳሙና ካልሆነ በሌላ ነገር ይጸዳል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ደሴ ስገባ ግን የቀበሌው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ክብሪትና የሻጩ ክርን ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

"ሳሙና መቼ ነው የሚመጣው?" ስለው፣

"መንገድ ላይ ነው" ይለኛል።

ያ ሳሙና በእግሩ ነበር መሰለኝ የሚመጣው። ክረምቱ ገባ፣ ጭቃው በየእግሩ ቤት ገባ፣ ሳሙናው ግን አልገባም። ወለሉ እየጠቆረ ሲሄድ እኔም አብሬው እየጠቆርኩ ሄድኩ። ባሌ ጭንቀቴን አይቶ ምንም ሳይነግረኝ ወደ ቢስቲማ፣ ወደ እናቱ መልእክት ላከ።

አማቴ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከገላቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። በጀርባቸው ከረጢት አዝለው፣ በእጃቸው የግራዋ ቅጠል ታቅፈው ገቡ። ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም፤ ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩት።

"ልጄ፣ ይኸ ወለል ነው ወይስ ምድጃ?"

"ሳሙና ጠፍቶ እኮ ነው እማ" አልኳቸው፤ ፊቴ ጋለ።

"ሳሙና ሳይፈጠር ሰው ሁሉ ቆሻሻ ነበር በይኛ!" አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ የእሳቸው ሆነ። የድስቱን ቅባት በአመድ፣ የእንስራውን ሽታ በግራዋ ቅጠል፣ የፋኖሱን ጥላሸት በደረቅ አመድና በጨርቅ ያስለቅቃሉ። የሚሠሩት ደግሞ ዝም ብለው አይደለም፤ ከእድፉ ጋር እየተጣሉ ነው። "ውጣ አንተ ሸይጧን! ኪራይ ትከፍላለህ እንዴ እዚህ የተቀመጥክ?" ሲሉ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እንግዳ የመጣ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። እንግዳ የለም፤ ከጀበናው ጋር ነበር ጠቡ።

ለመናገር ባልደፍርም በልቤ አፍር ነበር። የኮምቦልቻ ጓደኞቼ መጥተው ቤቴን በአመድ ሳሸው ቢያዩኝ ምን ይላሉ እያልኩ እሳቀቅ ነበር። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ መጣ።

ከሠርጌ ዕቃ ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ መሐሉ ላይ ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት ነጭ የብረት ትሪ ነበረኝ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አማቴ በራፍ ላይ ቁጢጥ ብለው በአመድና በአሸዋ ይፈትጉታል። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል።

"ኧረ ነይ እዪልኝ!" አሉ በደስታ። "ይኸ ቀይ እድፍ ስንት ዘመን ተጋግሮበት የኖረ ነው? ክንዴ ሊገነጠል ነበር፤ ግን አልሐምዱሊላህ ወጣ! አንዲት ቅጠል የምትመስል ነገር ቀርታለች፤ እሷንም አልለቃትም።"

ምን ልበል? አበባ ነበር ብላቸው ልባቸው ይሰበራል። "ክንድዎን አላህ ያበርታልዎ" አልኩና ጓዳ ገብቼ ትራስ ነከስኩ። ባሌ ማታ ትሪውን አገላብጦ አይቶ፣ "አሁን ገና ነጻ!" አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔም መቆጣቴን ትቼ ሳቅሁ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ቀበሌው የቤት ጽዳት ውድድር አወጀ። ለአሸናፊው ሽልማቱ ሳሙና ነው ተባለ። ሳሙና ለማግኘት ቤት ማጽዳት፣ ቤት ለማጽዳት ደግሞ ሳሙና ማግኘት! ሰፈርተኛው ሁሉ በዚህ ሲስቅ አማቴ ግን አልሳቁም። ከረጢታቸውን ፈቱ። ውስጡ ደርቆ የተወቀጠ እንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ዱቄቱ ውሃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ጥሩ አድርጎም ያጥባል። ለአንድ ቤት አንድ ጭብጥ ይበቃል፤ ይህን የነገሩኝም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

"እማ፣ ይኸ አልበዛም?" አልኩ፣ ዱቄቱን እንዳለ ውሃ የሞላው በርሜል ውስጥ ሲገለብጡት አይቼ።

"ውድድር ነው ተብሏል" አሉኝ። "በጭብጥ አይወዳደሩም።"

ውሃውን በዱላ አማሰልኩት። አረፋው ተነሣ። ወለሉ ላይ ደፋነውና በመጥረጊያ ማሸት ጀመርን። እኛ ባሸን ቁጥር ይጨምራል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታችንን ዋጠው፤ ቀጥሎ የአልጋው እግር ጠፋ። አማቴ "ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ" ይላሉ፤ በኋላ ግን ድምፃቸው እየቀነሰ ሄዶ "ያረቢ" ወደ ማለት ዞረ። ውሃ ጨምረን እንጠበው ብለን ባልዲ ሙሉ ደፋን። እሱ ነው ጉድ ያደረገን። አረፋው በሩን አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ቦዩ ገሰገሰ፤ ከላይ ሆነን ስናየው ነጭ የበግ መንጋ ይመስል ነበር።

ከበታቻችን የሚኖሩ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ነበሩን። አረፋው በራቸው ላይ ሲደርስ አማተቡና ወዲያው ወደ ቤት ሮጡ። የሸሹ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የባላቸውን ሸሚዞች ሊያመጡ ነው! እሳቸውን ያየ ሁሉ አንሶላውንም፣ ጋቢውንም ይዞ መጣ፤ ቦዩ ዳር በአንድ ጊዜ የልብስ ማጠቢያ ሆነ። አማቴ ከላይ ሆነው፣ "ነጩን አስቀድሙ! ነጩን!" እያሉ ያዝዛሉ።

ወሬው ቀበሌ ሲደርስ ግን ሌላ መልክ ይዞ ነበር፤ ከላይኛው ቤት ካርቶን ሙሉ ሳሙና ተደብቆ ኖሮ ፈሰሰ ተባለ። ሳሙና መደበቅ በዚያን ጊዜ ቀልድ አይደለም። የቀበሌው ሊቀመንበርና አንድ ወጣት ካድሬ ዳገቱን ይዘው ሲመጡ አየን። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ካድሬው ካኪውን በካውያ ስለት ያስወጣ፣ ፊቱን ያኮሳተረ ልጅ ነው። ጎረቤታችንም የታጠበ ሸሚዝ እንደያዙ ተከትለዋቸው መጡ።

"ሳሙናው የታለ?" አለ ካድሬው ከበሩ።

"የምን ሳሙና ልጄ? እንዶድ ነው" አሉ አማቴ።

ከረጢቱን አየና ከፈተው። ከታች ጥቂት ዱቄት ቀርቷል። "ይኸውና! የዱቄት ሳሙና!"

"እንዶድ ነው አልኩህ፤ ወላሂ ነው የምልህ። ብቻ እንዳታሸተው።"

ይህን ባይሉት ኖሮ ምናልባት አያሸተውም ነበር። ካድሬው ሊቀመንበሩን ገላምጦ፣ አፍንጫውን ከከረጢቱ ከትቶ በኃይል ሳበ። ደረቅ እንዶድ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዓይኑ ፈጠጠ።

"ይህ ግልጽ የኢኮኖሚ አሻ... አሻ... እንጥሽ!"

"የርሐሙከላህ" አሉ አማቴ።

"ይማርህ" አሉ ጎረቤታችን።

"አሻጥር... እንጥሽ! አብዮቱ... እንጥሽ! አይታገሥም... እንጥሽ!"

"የርሐሙከላህ።" "ይማርህ።" ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው እየተቀባበሉ ያደርሱለታል። ይህ ልጅ በየስብሰባው ፈጣሪ የለም እያለ የሚያስተምረን ነበር። መጀመሪያ በእጁ እየከለከላቸው ነበር፤ እየቆየ እንባው በጉንጩ ሲወርድ፣ "አሜን! አሜን! ኧረ በቃኝ!" አለ። ሊቀመንበሩ ሊደግፉት ጠጋ ሲሉ የከረጢቱ ዱቄት በነነና እሳቸውም ጀመሩ። የእሳቸው ማስነጠስ የመድፍ ነው፤ ፋኖሱ ግድግዳው ላይ ተወዛወዘ። ካድሬው ወደ ኋላ ሲሸሽ እርጥቡን ጣውላ ረገጠ። አልወደቀም፤ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ተንሸራተተና አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ማንም አልሳቀም። ፈርተን ነው። ከዚያ ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እናቴም በዚህ ነበር የምታጥበው። እንዴት ረሳሁት?" አሉና እሳቸው ቀድመው ሳቁ። ያኔ እኛም ተለቀቅን። አማቴ ደግሞ፣ "እኔም አብዝቼዋለሁ፤ እልኸኛ ነኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ" ብለው ለሁለቱም ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ አቀረቡ።

ካድሬው ግን ለደንቡ ብሎ ከረጢቱን ለማስረጃ ወሰደው። በማግሥቱ ጠዋት በዘበኛ እጅ ተመለሰልን። ዘበኛው እያስነጠሰ እንደነገረን፣ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ማካሄድ አልተቻለም ነበር። በውድድሩም ሁለተኛ ወጣን፤ ቤቱ ንጹሕ ቢሆንም ገምጋሚ ሊቆምበት አልቻለም ተባልን። አንደኛ የወጡትም ቢሆኑ ሳሙናው መንገድ ላይ ነው ተብለው ቀሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ካድሬው ነው። ያቺ አንዲት የካኪ ሱሪው ጭቃ ተረጭቶባት ቆሟል፤ ሰኞ ትልቅ ስብሰባ አለብኝ አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። እሱም ለካ ሳሙና የለውም።

"እጅ አለህ አይደል?" አሉት አማቴ። የባሌን ሽርጥ አስታጠቁት፣ አፍንጫውን በሻሽ አሰሩለት፣ አንድ ጭብጥ እንዶድ ለክተው ሰጡት። ልጁ ቁጢጥ ብሎ ሱሪውን አጠበ። እሳቸውም ከአጠገቡ ተቀምጠው "እዚያ ጋ ቀርቶሃል፤ በለው! ውጣ በለው!" ይሉታል። እሱም ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው፣ "ውጣ" አለ ለጭቃው።

ሱሪው አጥር ላይ እስኪደርቅ በሽርጥ በራፋችን ላይ ተቀመጠ። ሽርጡን ያየ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ሙስሊም እየመሰለው "አሰላሙ አለይኩም" ይለዋል። እሱም ምን ያድርግ፣ ባዶ ቅልጥሙን በሽርጡ ጫፍ እየሸፈነ፣ "ወአለይኩም ሰላም፣ ወአለይኩም ሰላም" ሲል ዋለ።