የአስማረ ባሕር

ተልባ ሲቆላ የሚወጣውን ሽታ ዛሬም አልችለውም። በጾም ሰው ቤት ተጋብዤ ተልባ ፍትፍት ሲቀርብልኝ «ለሆዴ አይስማማኝም» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ሽታው ወደ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ወደነበረው ቤታችን፣ አባቴ ባሕር ሊሥሉ ወደታገሉበት ዓመት ስለሚመልሰኝ ነው።

አባቴ በንጉሡ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከአፈርና ከቅጠል ቀለም አውጥተው፣ ምስሉን መጀመሪያ በጥቁር መስመር ከብበው፣ ከዚያ ውስጡን ይሞሉት ነበር። የጻድቅ ፊት ሙሉውን፣ ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሜ አስማረ ግን ቀለም መውቀጥ ሰልችቶት፣ ምጽዋ ወርዶ በጀልባ ሥራ ተቀጠረ።

ክረምቱ ሲገባ አብሮት ይሠራ የነበረ የእስቴ አገር ልጅ፣ አስማረ ለአባቴ የገዛውን የዘይት ቀለም ሳጥንና ሸራ ይዞ መጣ። ጀልባዋ በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ወጥታ እንዳልተመለሰች፣ ሬሳም እንዳልተገኘ አንገቱን ደፍቶ ነገረን። እናቴ አላለቀሰችም። «አፈር ያላለበስኩትን ልጅ ሞተ አልልም» ብላ፣ ነጠላዋንም ሳታዘቀዝቅ፣ ለለቅሶ የመጣውን ጎረቤት ከደጅ ትመልስ ነበር። ፎቶግራፍ አልነበረንም፤ መልኩ ከዓይኗ እየሸሸ መሄዱ ነበር የሚያስጨንቃት።

«አንቱ፣ የሄደበትን ባሕርና እሱን አንድ ላይ ይሣሉልኝ» አለቻቸው አባቴን። «ዓይኑን ልየው። ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።»

አባቴ ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። የእስቴው ልጅ የነገራቸውን ይዘው፣ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ጉም ደጅ ቆመው እያዩ፣ ክረምቱን ሙሉ በማያውቁት ቀለም ሲታገሉ ከረሙ። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ አስማረ ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ያየን ጀመር። እናቴ ፊቱን ልትዳስስ እጇን ትዘረጋና «አልደረቀም!» ስትባል ትመልሰው ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀለሙን የሚያቀጥኑበት ዘይት አለቀ። የእስቴው ልጅ ዘይቱ ከተልባ እንደሚወጣ ሰምቶ ኖሮ ያንኑ ነገረን። «ተልባማ ከሆነ ምን ቸገረን?» አለች እናቴ፤ ከመርዶው ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እንደ ወጥ ተልባ ቆላችው፣ ወቀጠችው፣ በውሃ አፍልታ የሰፈፈውን ቀድታ ሰጠቻቸው። አባቴም በዚያ በጥብጠው ፊቱንና ባሕሩን ጨረሱት።

ዘይቱ ውሃ ስለነበረበት በጥቅምት ብርድ ቀለሙ አልደርቅ አለ፤ ከሥር የነበረውንም ይዞ መፍሰስ ጀመረ። ጥቁሩ መስመር ሟሟ፣ ጀልባዋ ከውሃው ጋር ተደባለቀች፣ ዓይኖቹም ወደ ጉንጩ ወረዱ።

«ደግሞ ሰጠመ!» ብላ ጮኸች እናቴ። «በገዛ እጄ አሰጠምኩት!»

አባቴ እየጠረጉ ደጋግመው ሣሉት፤ በሠሩት ቁጥር ይፈስ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሸራው ላይ የቀረው ግራጫ ውሃና ነጭ ጭጋግ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ብሩሹን እንደያዙ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ዓይኑ... እንዴት ያለ ነበር?»

እናቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣትም። ቆማ ሸራውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለቅሶው ያኔ ተጀመረ፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነኩም።

ሁለቱም ካረፉ በኋላ ምጽዋ ወርጄ ባሕሩን በማለዳ አየሁት። ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም፤ ልክ የአባቴ ሸራ ነበር። ባሕሩንስ አግኝተውት ነበር፤ ግን ለማን ልንገረው?

ቀለሙ ዛሬ ደርቋል፤ ሸራው ሳሎኔ ተሰቅሏል። የልጅ ልጆቼ ያገኙትን ፊት ሁሉ በስልካቸው እያነሡ ያስቀምጣሉ። «እማማ፣ ይሄ ጉም ነው?» ይሉኛል። «ባሕር ነው» እላቸዋለሁ፤ ታላቅ ወንድሜም እዚያ ውስጥ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ምን ይመስል እንደነበር ሲጠይቁኝ ግን እኔም እንደ እናቴ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ።