ከጎንደሩ ቀጠሮ በፊት የተቀዳው መዝሙር

የብርጓል ተክለ ጊዮርጊስ ስታወራ ትጮኻለች። ጠበኛ ሆና አይደለም፤ ሥራዋ ነው ያስለመዳት። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ ስምንት ዓመት ከሽመና ማሽን ፊት ቆማለች፤ እዚያ ደግሞ አጠገብ ላለ ሰው እንኳ ካልጮኹ አይሰማም። ቤት ስትገባም ያንኑ ድምፅ ይዛው ትገባለች። «ኧረ ቀስ በይ፣ እኛ ማሽን አይደለንም!» ይሏታል አባቷ። እሷ ትስቃለች፤ ጩኸቱን ግን አትቀንስም።

ዜማዋ ግን ሌላ ነው። አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የደቅ ደሴት ሰው፣ የዜማ መምህር ናቸው። የብርጓል ልጅ እያለች፣ ወንዶቹ ተማሪዎች ከየኔታ ፊት ተደርድረው ሲማሩ እሷ ጓዳ ሆና ምስር እየለቀመች ትሰማ ነበር። ማንም ነይ ተማሪ አላላትም፤ ሰርቃ ተማረች ብል ይቀለኛል። አባቷ የነቁት ልጅቱ የእመቤታችንን መዝሙር ከተማሪዎቹ አብልጣ ስታዜም በሰሙ ጊዜ ነው። ይቆጡ ወይስ ይደሰቱ? ትንሽ ተቆጡና «እስቲ ድገሚው» አሏት። ኋላ እናቷ ወለተ ሩፋኤልና ከበሮ መቺው ወንድሟ አንዳርጋቸው ተጨመሩበት፤ ቤተሰቡ ከደሴቱ ወጥቶ ባሕር ዳር ከከተመም በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራቱ አብረው ይዘምሩ ነበር። ጎረቤት ሬዲዮኑን ዘግቶ ያዳምጣቸዋል።

እንግዲህ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የመሪጌታ እንቅርት መላ አሳጣቸው። እንቅርቱስ የቆየ ነው፤ ነጠላቸውን ጣል እያደረጉበት ሃያ ዓመት አብረውት ኖረዋል። አሁን ግን ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እየከለከላቸው መጣ። የብርጓል ጎንደር ሆስፒታል ወስዳ አስመረመረቻቸው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ኦፕራሲዮን ይሁኑ ተባለ። ሲወጡ ሐኪሙ እሷን ብቻ ወደ ጎን ጠራና፣ «የድምፅ ጅማት የሚያልፈው በእንቅርቱ ሥር ነው። እንጠነቀቃለን፤ ግን ድምፃቸው ሊሄድ ይችላል። እወቂው» አላት።

እወቂው! እንዲህ ያለውን ነገር አውቆ ምን ያደርጉታል? ዜማ አስተምሮ የኖረ ሰው ድምፁ ከሄደ ምኑ ይቀራል? የብርጓል ለአባቷም ለእናቷም ትንፍሽ አላለችም። ማሽን ፊት ቆማ ክር ሲበጠስባት አታይም፤ ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ ገሠጻት። በሦስተኛው ቀን አንድ ሐሳብ መጣላት። ድምፃቸው ሳይሄድ ካሴት ላይ ላስቀረው አለች።

ቴፕ ያለው ጎረቤታቸው ኑርሑሴን ነው፤ ጣቃ ነጋዴው። ሱቁ ኋላ ያለችው መጋዘን እስከ ጣሪያው ጣቃ ተደርድሮባት ውጭ ሰማይ ቢደረመስ አይሰማባትም። የብርጓል ጉዳዩን በሹክሹክታ ብትነግረው (የሷ ሹክሹክታ እንኳ ሱቁ ውስጥ ሁሉ ተሰማ) ወዲያው እሺ አለ። «እኔ ድምፅ ነው የምቀዳ፤ ሃይማኖቱ በየኔታ ነው» ብሎ ሳቀ። ለአባቷ ደግሞ ሌላ ነገረቻቸው፦ ደቅ ያለችው እህታቸው ፅጌ ማርያም አርጅታ ከደሴቱ መውጣት ስላቃታት የቤተሰቡን መዝሙር ቀድተን እንላክላት አለቻቸው። «መልካም» አሉ መሪጌታ።

ያስቸገረው አንዳርጋቸው ነበር። በዚያ ዘመን አራት ሰው ገብቶ በር ከዘጋ ስብሰባ ነው ይባላል፤ እሱ ደግሞ የቀበሌው ወጣት ማኅበር አባል ነው። «መዝሙር ስትቀዳ ተገኘህ ብለው ቢያስጠሩኝስ?» አለ።

«ዘፈን ነው በላቸው!» ብላ ጮኸችበት።

«ምን አልሽ አንቺ?» አሉ ወለተ ሩፋኤል ከጓዳ፤ እሳቸውን ለማብረድ ደግሞ ግማሽ ቀን ሄደ፤ አንዳርጋቸውም በመጨረሻ እሺ አለ።

ቅዳሜ ዕለት ጎንደር ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ማርሹንና መፈክሩን እስኪጨርስ ጠበቁ፤ ያን የመጋዘኗ ጣቃ እንኳ አላገደውም። ስድስት ሰዓት ላይ ዝም አለ። የኑርሑሴን ሚስት ሸምሲያ ሻይ አስገብታ ወጣች፤ ኑርሑሴን ቀዩን ቁልፍ ተጫነና በእጁ ጀምሩ አላቸው።

ጀመሩ። ገና ከመሐሉ ሳይደርሱ የመሪጌታ መቋሚያ ወለሉን ደቃው። «ተመለሱ!»

ይሄ የዜማ ቤት ልማድ ነው። ተማሪ ሲስት መምህሩ በመቋሚያው መሬቱን ይመታና ከመነሻው ያስጀምረዋል። መሪጌታ ይህን ሲያደርጉ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቴፕ መጣ ብለው ሊተዉት ኖሯል? ወለተ ሩፋኤል አንዷን ዜማ አሳጠሩ፤ ተመለሱ። አንዳርጋቸው ከበሮውን አስቀደመ፤ ተመለስ። የብርጓል ድምፅዋን ከሁሉ በላይ አወጣችው፤ ተመለሽ! መቋሚያውን በዘዴ ተቀብለው ጥግ ቢያቆሙት መሪጌታ በመዳፋቸው ጭናቸውን መምታት ያዙ። ኑርሑሴን ሳቁን ለመያዝ ፊቱን ወደ ጣቃው አዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዱ ካሴት ሞልቶ፣ አንድ መዝሙር እንኳ ከዳር አልደረሰበትም። የተረፋቸው ሌላ አንድ ካሴት ብቻ ነው።

የብርጓል ከዚህ በላይ አልቻለችም። «አባየ!» አለች በዚያ በፋብሪካ ድምፅዋ። «እኔ እኮ ልክ የሆነ መዝሙር አይደለም የምፈልግ! የእርስዎን ድምፅ ነው የምፈልግ! ነገ ከነገ ወዲያ ቢሄድብኝ እኔ ምን ሰምቼ ልኖር ነው?» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ረፍዶ ነበር።

«የምን ድምፅ ነው የሚሄድ?» አሉ ወለተ ሩፋኤል።

መሪጌታ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አስተካከሉ። «የኔ ድምፅ ነዋ» አሉ ረጋ ብለው። «ሐኪሙ ለኔም ነግሮኛል። ትደነግጣላችሁ ብየ ዋጥሁት።»

«እኔም እርስዎ ይደነግጣሉ ብየ ዋጥሁት» አለች የብርጓል፤ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እና እኔን ሁለታችሁም ስታሞኙኝ ሰነበታችኋ!» ብለው ወለተ ሩፋኤል ተነሡ። መጀመሪያ ባላቸውን ተቆጡ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ምንም ያላጠፋውን ኑርሑሴንን፤ ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሁሉም አለቀሱ። የሚገርመው ግን ካለቀሱ በኋላ መጋዘኗ የሰፋች መሰለቻቸው። ስንት ቀን አንዱ ከሌላው ሲደብቅ የኖረው ነገር መሐላቸው ተዘረገፈ፤ ተዘርግፎም ማንንም አልገደለም።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲያማ መምህርነቱ ለዛሬ ይቅር። እጄን ግን እንጃ፤ አላምነውም» ብለው ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡባቸው። «በል አብራ፣ ኑርሑሴን።»

ዘመሩ። ስምንት መዝሙር፣ አንዱንም ሳያቋርጡ። እውነቱን ለመናገር ልክ ያልሆነ ሞልቶበታል፤ አንድ ቦታ የብርጓልን ሳግ ይዟት ዜማው ተሰብሯል፤ ማንም ግን ተመለሽ አላላትም። የመሪጌታ ድምፅ ከሁሉም ሥር ሆኖ ይዟቸው ይሄዳል። ቴፑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ኑርሑሴን፣ «የኔታ፣ ቃሉስ አይገባኝም፤ ሆዴን ግን አባባው» አለ። የብርጓል ካሴቱን ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ ከስንት ቀን በኋላ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ለዐሥር ቀን ቃል እንዳይወጣቸው አዘዘ፤ መሪጌታም እሺ ብለው የሚፈልጉትን በደብተር ላይ እየጻፉ ሰነበቱ። ዐሥረኛው ቀን ደረሰ። «አሁን ይሞክሩ» ቢባሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዐሥራ አንደኛውም፣ በዐሥራ ሁለተኛውም እንዲሁ። የብርጓል ገባት። አፋቸውን ቢከፍቱት ባዶ እንዳይሆን ፈርተዋል፤ ካልሞከሩት ቢያንስ አልሄደም። እሷም ፈርታ ይሞክሩ ብላ አልጎተጎተቻቸውም።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ወደ ባሕር ዳር ተሳፈሩ። ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀታቸውን አየና «ስምዎ ማን ነው?» አላቸው። መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መናገር አይችሉም» አለች የብርጓል። ይህን ቃል ከገዛ አፏ ስትሰማው ክው አለች። እስከ ሐሙሲት ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እሷ!

ሐሙሲት አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። አባቷ ከጎንደር ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ምናልባት አፋቸውን ቢፈታላቸው ብላ የሽንብራ እሸት ልትገዛ ወረደች። ሻጯ ሰነፍ ነገር ናት፤ እሸቱን እየመረጠች፣ እያሰረች፣ የማን ልጅ ነሽ እያለች ስታቆያት አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ረዳቱ ሰው ሳይቆጥር በሩን ዘጋ። የብርጓል ዞር ስትል መኪናው ተንቀሳቅሷል። «ኧረ ቁም! ኧረ በማርያም!» ብላ እሸቷን ታቅፋ ሮጠች። የፋብሪካ ድምፅዋም እንኳ ለሞተሩ አልበቃ አለ።

ያኔ በተከፈተው መስኮት አንድ ድምፅ ወጣ።

«ቁም! አንተ ሹፌር፣ ቁም እኮ ነው የምልህ! ልጄን ጥለሃት የት ልትሄድ ነው?»

ሻካራ ነው፤ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ግን ሙሉ ነው፤ ጎሮ ወሸባዬ የሚያስብል ድምፅ! አውቶቡሱ ገጭ ብሎ ቆመ። የብርጓልም መንገዱ መሐል ቆመች። መሮጡን ረሳችው። እሸቱ ከእጇ ተዘረገፈ፤ እሷም እዚያው አቧራው ላይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ገበያተኛው ሁሉ ሙሽራ መጣ ብሎ አንገቱን አሰገገ።

ረዳቱ በሩን ከፍቶ ዐይኑን አፈጠጠባት። «ሽማግሌው መናገር አይችሉም አላልሽም ወይ ኬላው ላይ?»

«ዋሽቼ ነው!» አለችው እያለቀሰች፣ እየሳቀች። «ዋሽቼ ነው፣ የኔ ጌታ!»

ዜማው ይመለስ አይመለስ ገና የሚታወቅ ነገር አልነበረም፤ የብርጓልም አልጠየቀች። አጠገባቸው ሄዳ ቁጭ አለች። መሪጌታ የሠላሳ ዓመት ሴት እንደ ሕፃን በእሸት ስትታለል፣ ሰው አገር ተጥላ ብትቀር፣ እናቷን ምን ብለው ሊያዩዋት እንደነበር እያነሡ ይወርዱባት ጀመር። ዘንዘልማን አልፈው ባሕር ዳር እስኪገቡ ድረስ ተቆጧት፤ እሷም አንድ ጊዜ እንኳ ይብቃዎ አላለችም።