ከትምህርት የቀረሁበት ምክንያት፣ በእናቴ አፍ

የሥነ ልቦና መግቢያ ኮርስ የወሰድኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። የማታ ትምህርቴን እንደምንም ጨርሼ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ መማር ጀምሬ ነበር። የክፍሉ ልጆች «ማዘር» ይሉኛል። አስተማሪው ግን ከደጋ የመጣ ትሑት ወጣት ስለሆነ «እርስዎ» ይለኛል። ድሬ ውስጥ ሰው እናቱንም ዳኛውንም አንቺ፣ አንተ ነው የሚለው። «እርስዎ» በተባልኩ ቁጥር ከኋላዬ ሌላ ሴትዮ የቆመች ይመስለኝ ነበር።

ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ፈተና ከሚወጣባቸው ገጾች በቀር አይከፍቱትም። እኔ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ከሽፋኑ ጀምሬ አነበብኩት። ስለ ውሻውና ስለ ደወሉ፣ ሽልማት ያገኘ ጠባይ ስለ መደጋገሙ፣ ሁሉንም በሥርዓት አለፍኩ። ስለ ትዝታ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ግን ቆምኩ። ትዝታ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም ይላል። ሰው ባስታወሰ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራዋል። የጎደለውን ከሌላ በሰማው ይሞላዋል፤ ደጋግሞ ያወራውን ደግሞ በዓይኑ ያየው ይመስለዋል።

እናቴ ናት ትዝ ያለችኝ።

እናቴ ከትምህርት ስለ ቀረሁበት ቀን የምታወራው ወሬ አላት። ለእንግዳ፣ ለጎረቤት፣ ሊያጩኝ ለመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀር ነግራዋለች። «እሷ ራሷ ናት በቃኝ ያለችው። ደብተሯን ወርውራ መጣች። ምን ላድርጋት?» ሰው ይስቃል።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲሞት እናቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም መሸጥ ጀመረች። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ስወጣ በር ላይ ያዘችኝና «ዛሬ ከኔ ጋር ነሽ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ቦርሳውን አንግቶ አለፈን። ምንም አልጠየቅሁም። ዩኒፎርሜን አውልቄ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ በኋላ አልለበስኩትም።

ይቅርታ አልፈለግሁም። የፈለግሁት አንድ ቃል ነው፤ «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» እንድትለኝ። እናቴ አርጅታለች። ሳትለኝ ትሄዳለች ብዬ እፈራ ነበር።

ስለዚህ አስተማሪው አሳይመንት ሲሰጠን ልቤ ዘለለ። አንድ የቤተሰብ ገጠመኝ መርጣችሁ፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎች ለየብቻ ጠይቁ፤ የተናገሩትንም አወዳድሩ አለን። ልጆቹ ሠርግና ልደት መረጡ። እኔ ያንን ሰኞ መረጥኩ።

«ለየብቻ» የሚለውን አስተማሪው ያለው የድሬን ቀትር ሳያውቅ ነው። እኔ ግን አውቀው ነበር። እናቴ ጥላ ሥር አረፍ ስትል ይቀለኛል ብዬ ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ የግቢው ሰው ሁሉ ምንጣፉን ኒም ዛፉ ሥር ያነጥፋል። ወንድሜ ከቢሮው መጥቶ ሸሚዙን ከፍቶ ተጋድሟል። ጎረቤታችን፣ ተድራ እኛ ግቢ የገባች የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ በማራገቢያ ፊቷን ታራግባለች።

«እማ፣ ያን ቀን ምን እንደሆነ ንገሪኝ» አልኳት፤ ዝግ ብዬ።

«የቱን ቀን?»

«ከትምህርት የቀረሁ ዕለት።»

«እሱማ ደብተርሽን ወርውረሽ…»

«በቃኝ ብለሽ» አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«በቃኝ ብለሽ» አለች እናቴ።

ጎረቤታችን ተነሥታ ተቀመጠች። «ወላሂ! እኔ እዚህ በር ላይ ነበርኩ እኮ። ደብተሩ እግሬ ሥር ነው የወደቀው!»

«አንቺ እዚህ ግቢ የመጣሽው እኔ ካገባሁ በኋላ ነው» አልኳት።

«አቦ ተይኝ! እንዲህ ዓይኔ ላይ አለ!»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ቃሏን ግን አላነሣችም። ሞጁሉ የሚለው ነገር በሙሉ እዚያ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ለወንድሜ ምዕራፉን አስረዳሁት። ያልነበረች ሴት አየሁ ካለች፣ ወሬው ከመደጋገም ብዛት የተሠራ ነው ማለት ነው አልኩት።

«እሺ፣ የኔዋ ምሁር» አለኝ። «ይሄ ሞጁልሽ ላንቺ ትዝታ አይሠራም? ላንቺ ብቻ ነው ፎቶ የተነሣው?»

ገጹ የሚለው እሱ ያለውን ነው። የተማርኩት እነሱን ለመርታት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አንዴ ሰምቶት እኔን ረታበት።

ሁሉንም እንዳለ ጽፌ አስገባሁ፤ ጎረቤታችንንም ጨምሬ። አስተማሪው ወረቀቱን ሲመልስ ከክፍል አስቀረኝ።

«በጣም ለፍተዋል። ግን ሁለት የዓይን ምስክሮች በአንድ ቃል ከተስማሙ፣ የተሳሳተው የእርስዎ ትዝታ ነው ብለው መደምደም ነበረብዎት።»

«አንድ ቃል መሆኑ አይደለም እንዴ የሚያጠራጥረው? ሁለት ሰው በየራሱ ቢያስታውስ እንዲህ ይገጥማል?»

«ሊሆን ይችላል» አለ በትሕትና። «ግን ይሄ መግቢያ ኮርስ ነው፤ ያን ያህል አንገባበትም።»

በዚያው ሳምንት እናቴ ጉልበቷን አሟት ቤቷ ሄድኩ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እግሯን በቫዝሊን እያሸሁላት ሳለ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ያ የጠየቅሽኝ ነገር፣ አስተማሪሽ ምን አለሽ?»

«ተሳስተሻል አለኝ። ልክ አንቺና ወንድሜ ናችሁ አለኝ።»

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«መጀመሪያ ወንድምሽን ነበር ያስቀረሁት» አለች። «አታስታውሺም? ቀፊራ ወሰድኩት። በርበሬው መሃል ተንከባሎ አለቀሰ። በማግሥቱም እንደዚያው። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ባሏ ሞቶ ልጇን ትገርፋለች ይላሉ። መለስኩትና አንቺን ወሰድኩሽ። አንቺ አላለቀስሽም።»

እጄ እግሯ ላይ ቆመ። ለዚህ ስም የሚሰጥ ምዕራፍ አንብቤያለሁ፤ ያለቀሰው ተሸለመ። ለእሷ ግን ምዕራፍ ምን ያደርግላታል?

«እማ፣ እኔ እኮ መማር እፈልግ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ከልቧ ነው የገረማት።

«ታዲያ አትናገሪም ነበር?»

ስንት ዘመን የጠበቅሁት ቃል በመጨረሻ መጣ፤ ያስቀረችኝ እሷ መሆኗን ተናገረች። ግን ጥፋቱ እሷ ላይ አላደረም፤ ከእሷ ተነሥቶ እኔ ላይ ተቀመጠ። ልጅ ነበርኩ ልላት ፈለግሁ። ልጅ ዝም ሲል ፈቀደ ማለት ነው ወይ ልላት ፈለግሁ።

«ሌላኛውን እግሬን» አለችኝ።

ሌላኛውን እግሯን ያዝኩ።