የሚሸጥ ዲፕሎማ

የታሰርኩት በገዛ ማስታወቂያዬ ነው። ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ ሳላገኝ ዓመት ሲሞላኝ ብሽቅ ብዬ ፌስቡክ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የሚሸጥ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ፣ በቧንቧ ሥራ፤ አንድ ቀን እንኳ ያልተሠራበት፤ ዋጋ በስምምነት።» የሐይቅ ከተማ ሥራ አጥ ሁሉ ተቀባበለው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች በባጃጅ መጥተው ወሰዱኝ። መርማሪው ጽሑፉን ሳይስቅ ሁለት ጊዜ አነበበና «ወጣቱን ለምን ታነሳሳለህ?» አለኝ። ወጣቱ ቢነሳ የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም ነበር።

የታሰርኩባት የጣቢያው ክፍል የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነበራት፤ ስምንት ሰው እግሩን አጥፎ ይተኛባታል። በግራዬ ከሳውዲ የተመለሰ ጎልማሳ፣ በቀኜ ከአርዲቦ ገጠር የመጡ ገበሬ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌውም እንደኔ አፋቸው ነው ያስገባቸው፤ ስብሰባ ላይ ማዳበሪያው የት ደረሰ ብለው ጠይቀው ኖሯል።

ተመላሹ ታሪኬን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቧንቧ ስትማር? ወላሂ፣ እኔ በሁለት ዓመት ጂዳ ስንቱን ሠርቻለሁ!»

«ታዲያ አሁን የት ነህ?»

እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ።

የጣቢያው ግቢ ቧንቧ እያፈሰሰ ስላስቸገረ ከዋናው ዘግተውታል። በጀሪካን የምትመጣው ውሃ ለመጠጥ ብቻ ትታደላለች። ሽማግሌው ሶላት በደረሰ ቁጥር በውሃ መታጠቡ ቀርቶ ግድግዳውን እየነኩ በአቧራ ተየሙም ያደርጋሉ። «ያ ረቢ! ሐይቁ አፍንጫዬ ስር ተኝቶ እኔ በአቧራ! ይሄን ሰምቶ አርዲቦ ማን ቀና ብሎ ያየኛል?» ይላሉ።

በአምስተኛው ቀን አላስቻለኝም። ለመናፈስ ወደ ግቢው ስንወጣ ዘበኛውን ለምኜ ፒንሳና ምላጭ ተቀበልኩ። ቧንቧውን ስነቅለው ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል። ኮሌጃችን የመለማመጃ ዕቃ ስላልነበረው፣ መምህራችን ያስተማረን ጎማ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጦ ማውጣት ነበር። ያኔ «ይሄም ትምህርት ሆነና!» ብዬ አምቼዋለሁ። ዞር ብዬ የተመላሹን እግር አየሁ።

«ይሄ እኮ የጂዳ ጫማ ነው!» አለ።

«ተረከዙን ብቻ።»

ሽማግሌውን አየት አደረገና አወለቀ።

ጎማውን እየከረከምኩ ሳለ መርማሪው ከቢሮው ብቅ አለ። «ጽሑፍህን አጥፋና ሂድ፤ ተለቀሃል።»

«ይቺን ልጨርስና።»

«አንተ ልጅ፣ ተለቀሃል እኮ ነው የምልህ!»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። የተነቀለ ቧንቧ ጥዬ አልሄድም።»

ለፖሊስ እንዲህ ብዬ መመለሴ ራሴንም አስደነገጠኝ። እሱም ግራ ገብቶት በሩ ላይ ቆመ። ቧንቧውን መልሼ ገጠምኩ፤ ዘበኛው ዋናውን ሲከፍት ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ ዝገቱ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለው። ዘግቼ ጠበቅኩ፤ ጠብ አላለም። እንደገና ከፈትኩና ለሽማግሌው ቦታ ለቀቅኩ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን ሳይቸኩሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ታጠቡ፤ መርማሪው ቆሞ ጠበቃቸው። ከተመረቅኩበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ደስ አለኝ።

ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አላህ ለዲፕሎማህ ገዥ አይስጠው!» አሉኝ። ሁላችንም አሚን አልን፤ ተመላሹ ተረከዝ በሌለው ጫማው ቆሞ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

ዛሬ ሐይቅ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ ቧንቧ እጠግናለሁ። ሁለቱ ዓመት አዋጥቶሃል ወይ ለሚሉኝ ስለዚያ የጂዳ ጫማ ተረከዝ እነግራቸዋለሁ፤ ወረቀትህን አሳየኝ ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ማስታወቂያውን ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ። የሽማግሌው ዱዓ ሠምሮ ገዥ አልመጣም። ቢመጣም አልሸጥም።