በሰው ስም አቤት ያልኩበት ቤት

ናይሮቢ፣ ሩንዳ የሚባል ሰፈር ለሥራ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀይሬ፣ የቀረውን በእግሬ ገስግሼ። በሩን የሚጠብቀው፣ እዚህ አስካሪ የሚሉት ዘበኛ ስሜን መዝግቦ ቦርሳዬን ፈተሸና "አዲሷ የቤት ሠራተኛ ነሽ?" አለኝ። "አስታማሚ ነኝ" አልኩት ኮራ ብዬ። ለእሱ ያው ነው፤ ለእኔ ግን የስድስት ወር ኮርስ ነው።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ናቸው ያሉት። እማማ ዘነበች የመርሳት በሽታ ይዟቸው ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ያመጣቻቸው አንድ ልጃቸው ገነት ናት፤ ጊጊሪ ሰፈር ቢሮ ትሠራለች። "አንቱ እንዳትዪኝ፣ ገና አላረጀሁም" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ኮርሱን ያስተማረችኝ ኬንያዊት ነርስ ጥብቅ ነበረች። ገላ ስታጥቢ ከእግር ጀምሪ፤ ከራስ ከጀመርሽ ታማሚዎቹ ይደነግጣሉ። ልብሱን በሚለበስበት ተራ አልጋው ላይ ደርድሪ። ከሁሉም በላይ ደግሞ "ኡሲቢሻኔ" ትለኝ ነበር፤ አትከራከሪ። በጠራራ ፀሐይ "መሽቷል" ካሉሽ መሽቷል።

በሦስተኛው ቀን እማማ "ገነት!" ብለው ተጣሩ። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"አቤት እማዬ" አልኩ።

"ከትምህርት ቤት መጣሽ፣ ልጄ?"

"መጣሁ።"

እጄን ይዘው መድኃኒታቸውን ያለ ጭቅጭቅ ዋጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀን ቀን ገነት እኔ ሆንኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ከእንግዲህ ማፈር ምን ያደርግልኛል። ጣፈጠኝ። የእኔ እናት ሻሸመኔ ስትሞት እኔ እዚህ የስደተኛ ወረቀት እጠብቅ ነበር፤ መቀበሯን የሰማሁት በስልክ ነው። "ልጄ" የሚለኝ ሰው ካጣሁ ዓመታት አልፈው ነበር። እማማ ዝም ያሉ ቀን "ዛሬ አይጠሩኝም እንዴ?" እያልኩ በራፋቸው ላይ እመላለሳለሁ። ናፍቆት ሰውን ያቀልላል።

አንድ ቅዳሜ ገነት ለጉዳይ ሁርሊንግሃም ሄዳ ሳናስባት ተመለሰች። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም። እማማ ከሳሎን "ገነት!" አሉ። "አቤት!" አልኩ እኔ ከኩሽና፤ "አቤት!" አለች እሷ ከበሩ። ሁለታችንም እኩል ፊታቸው ደረስን። እማማ አየት አየት አደረጉንና እጃቸውን ለእኔ ዘረጉ። ልጃቸውን "እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፣ እንግዳ ቆሞ አያምርም" አሏት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ገነት ኩሽና ጠራችኝ።

"ብርቄ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጣሁ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ።"

"እና አትነግሪኝም? እኔኮ ማታ ማታ ከቢሮ ስገባ፣ ዛሬስ ስሜን ትጠራው ይሆን እያልኩ ነው የምገባው። ለካ ቀኑን ሙሉ ስትጠራው ትውላለች!"

"እትዬ ገነት፣ ሥራው እንዲህ ነው፤ አትከራከሩ ተብለን ነው የተማርነው።"

"ሥራ ነው? እውነት?"

"አይደለም" አልኩና እንባዬ ቀደመኝ። የእናቴን ነገር ነገርኳት። አሁንስ አባረረችኝ ብዬ ቦርሳዬን በዓይኔ ስፈልግ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አልፈርድብሽም" አለች። "ግን ስሜን መልሺልኝ።"

መመለሱ እንደ አፍ አልቀለለም። ገነት አለቃዋን ለምና ከሰዓት ከሰዓት ከቤት መሥራት ጀመረች። ከእግር ጀምሮ ማጠብን አሳየኋት። እሷ ግን "እማዬ፣ እኔኮ ነኝ ገነት!" እያለች ትሟገታለች። እማማ ደግሞ "ልጄን ምን አደረጋችኋት?" ብለው ያለቅሳሉ።

"አትከራከሪያቸው" አልኳት።

"አንቺ ምን አለብሽ!" ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ እማማ ክፍላቸው ሆነው "ገነት!" አሉ። አፌ ላይ የደረሰውን አቤት ዋጥኩት። ደገሙ። እርጥብ አንሶላ ጨብጬ ቆምኩ። ሦስተኛው ላይ "አቤት እማዬ" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"በላሽ ወይ፣ ልጄ?"

ይህን ጥያቄ እኔን በቀን ሃያ ጊዜ ይጠይቁኛል። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ መልሴ ሁልጊዜ "በላሁ" ነበር። ገነት ደግሞ ከምሳ ከተነሳች ግማሽ ሰዓት አልሞላትም።

"አልበላሁም እማዬ" አለች።

"ውይ፣ በሞትኩት! ነይ፣ ነይ እዚህ!"

በመስኮቱ አየኋቸው። እማማ ከሳህናቸው ሙዝ እየቆረሱ ያጎርሷታል፤ እሷ እያለቀሰች ታኝካለች። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ "አልበላሁም" ልበል ብዬ አስቤ አላውቅም። አወቋት ወይ? እኔ እንጃ። ገነትም አልጠየቀቻቸው። እኔ ግን እናቴ እንደዚያ ቀን ናፍቃኝ አታውቅም።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። በልጃቸው ስም ሲጠሯችሁ አቤት በሉ። ልጅየው ቤት ካለ ግን፣ ሦስቴም ቢጠሩ ዝም በሉ።